አፍንጫ የሌለው ፈረሰኛ

ፖስታ ቤቱ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒው ቤት፣
ማራገቢያው ሞቶ ሙቀት ነግሦበት፣
አጥንት እቆጥራለሁ። የኔን ግን አይደለም፤
የባዕድ ባላባት፣ የማላውቀው ዓለም።

ማርጀሪ የሚሏት አንዲት የእንግሊዝ ሴት
ጽፋልኝ ነበረ፦ «ፈልጊልኝ በእውነት፤
ከቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ላይ የተኛው
ሰር ሂዩ ነው አሉኝ የዘሬ መነሻው።»
ግማሹን ከፈለች፤ ቀሪው ሲያልቅ ነው።
የቤት ኪራይ ደርሷል፤ እምቢ የሚል ማነው?

ፎቶውን አየሁት፦ እግሩን አነባብሮ፣
ጋሻውን ታቅፎ፣ አፍንጫው ተሰብሮ፤
ያዳማ አቧራ እንኳ ቢመጣበት አብሮ
አያስነጥሰውም።

ፊደሉ እንደ ጉንዳን ብራናው ላይ ሲሄድ
እኔም ተከተልኩት በላቲኑ መንገድ፤
ግብር፣ ሙግት፣ ዋስትና፣ የወፍጮ ክርክር።
(ጦርነት የሚሉት ሲጻፍ ሂሳብ ነበር።)
ወፍጮውን አስይዞ፣ ከገዳም ተበድሮ፣
ቀይ መስቀል በካባው አሰፍቶ አሳምሮ፣
ፈረስ ገዝቶ ሄደ። ሊወጋ ወይ ሊሳለም
መዝገቡ አይነግረኝም፤
እሱም ያወቀ አይመስለኝም።
እማሆይ ወለተ ሐና ከዚያው ሲመለሱ
ሻማ ነው የያዙት፤ ደም አላፈሰሱ።

እሱም ተመለሰ። በእግሩ። በእዳ።
ወፍጮው የገዳም ሆኖ፣ ሚስቱ በጓዳ
ሦስት ልጅ አሳድጋ። ስሟ? «የሂዩ ሚስት»።
ቀለም አልቆ ይሆን ለአንዲት እመቤት?

ማታ ወደ ቤቴ የሚወስዱኝ በጋሪ
ኦቦ ሁርጌሳ ናቸው፣ የዳማ ነጂ፣ አሳዳሪ፤
ወረቀት ሳይነኩ፣ ልጓሙን ሳይለቁ፣
አሥራ አራት አባት ቆጥረው፣ ትንፋሽ ሳይጨርሱ የሚስቁ።
እኔ ግን ሦስተኛው ላይ ምላሴ ይታሰር፤
አያቴን ምድር ባቡር «ሠራተኛ፣ ቁጥር
ሠላሳ አምስት» ብሎ ጽፎት አረፈ።
እናቱ የምትባል ሴት በጭራሽ አትገኝ፤
ከሷ ነው ይላሉ ይህ ግንባር የደረሰኝ።

ስለ ፈረሰኛው ነገርኳቸው አንድ ምሽት።
ኢየሩሳሌምን አልጠየቁ፣ ሰይፍም፣ መሬት።
«የፈረስ ስሙስ?» አሉኝ። «አባ ማን ነበረ?»
«አልተጻፈም።»
«ፈረሱስ?»
«መርከብ ላይ ሞተ፤ ዋጋው ብቻ ነው የቀረ።»
ዝም አሉ። ባጃጅ መጣ፣ ጡሩምባ ነፋብን፤
ፍራንኮን እስክናልፍ ቃል አልወጣንም።
«ወፍጮ አስይዞ ገዝቶ ስም እንኳ ካልሰጠው፣
ታዲያ ይኼ ሰውዬ ምኑ ነው ባላባትነቱ? ምኑ ነው?»

በሦስተኛው ወር ላይ
የማርጀሪ ሐረግ ሽቅብ ተሳበና
ሰር ሂዩ ደጅ ሲደርስ ወደ ጎን ዞረና
ከወፍጮ ቤቱ በር ሄዶ ተለጠፈ፦
የወፍጮኛው ልጅ። ሴት። ስሟ ያልተጻፈ።
ዱቄት በፀጉሯ ላይ
(ይህን እኔ ጨመርኩ፤ በመዝገብ አይታይ)።

ባንድ መስመር ብቻ ሴትየዋን አልፌ
ከድንጋዩ ጋራ ላዛምዳት ጽፌ
እጄ ቁልፉ ላይ ዋለ። ኪራይ! ማን ያውቅብኛል?
ሙታን አይከሱ፣ ድንጋይ ምን ይለኛል?
ኋላ ግን ያ ግንባር መስታወት ላይ ታየኝ፤
የኔዋም ስም የለሽ እንደዋዛ አየችኝ።

ላክሁት፦ «እመቤቴ፣ ከድንጋዩ ሳይሆን ከዱቄቱ ነዎት።»

መልስ የለም። ገንዘብም።
አከራዬ ብቻ በር ላይ አይጠፋም።

«ከፈለችሽ?» አሉኝ ኦቦ ሁርጌሳ።
«አልከፈለችም።»
«ውጪ በይ። የዛሬው አይቆጠርም።»
ዳማው ላቡን አራግፎ ወደ ቦኩ ሲያቀና
«ለዚያ ሰውዬ» አሉ፣ ዘወር አሉና፣
«ስም አግኝቻለሁ፤ አባ ወፍጮ በይው።»

በማግስቱ ፋይሉን ልዘጋው ስል ገና
ከሰር ሂዩ ሥር በአማርኛ ጻፍኩና፣
የሴትየዋን ሳጥን ባዶውን ተውኩት።
መስኮቱን ከፈትኩት።
አውሎው ከወንጂ በኩል አቧራ ይዞ ደረሰ፤
ሰር ሂዩ ዝም አለ።
እኔ አስነጠሰኝ።